በጥቁሮች ጎጆ የተገኘ ሰማያዊ

ጥንቸል አርቢዎች ዘንድ አንድ ደንብ አለ፤ ሴቷ ወደ ወንዱ ቤት ትወሰዳለች እንጂ ወንዱ ወደ ሴቷ አይመጣም። ወንዱን ይዘው እሷ ቤት ቢያስገቡት ጠላት የመጣባት ይመስላትና ትነክሰዋለች፣ ትቧጭረዋለች፣ አዋርዳ ታስወጣዋለች። ስለዚህ በዮሃና ጉድጓድ ሰፈር፣ የከሰል ቆፋሪዎቹ የሸክላ ቤቶች ተደርድረው በቆሙበት አቀበት ላይ፣ ክዳን ያለው ቅርጫት አንጠልጥሎ የሚወጣ ሰው ከታየ ጉዳዩ ምን እንደሆነ ለማንም አይጠፋም ነበር።

በዚያ የመጋቢት ቅዳሜ ግን ቅርጫቱን ያንጠለጠለችው ሄድቪግ ነበረች። ዕድሜዋ ከሃያ አልፏል፣ አላገባችም፤ ይህም ለሰፈሩ ወንዶች ቀልድ ከበቂ በላይ ነው።

«ሄዲ! ሙሽራዋን ለማን ልትድሪያት ነው?» አላት አንዱ አጥሩ ላይ ተደግፎ።

«ላንተ አይደለም፣ አትስጋ።»

«ተጠንቀቂ፣ እላይ ያለው ወንድ የዋዛ አይደለም!»

«ጥንቸሉን ነው ወይስ ባለቤቱን?» ሲል ሌላው ጨመረበት። ሳቃቸው እስከ አቀበቱ አጋማሽ ተከተላት። ሄድቪግ መልስ ጠፍቷት አልነበረም፤ ግን እስከ ጆሮዋ ድረስ ቀልታ ነበርና ዞራ እንዲያዩዋት አልፈለገችም።

ይህ የአባቷ ሥራ ነበር። አሎይስ በደኅናው ዘመናቸው ያንን ቅርጫት ለማንም አያስነኩም። አሁን ግን ከመሬት በታች ዕድሜ ልካቸውን የሳቡት የድንጋይ ብናኝ ሳንባቸውን አድርቆት፣ የገዛ ቤታቸውን ደረጃ እንኳ መሃሉ ላይ አረፍ ሳይሉ አይወጡትም። የዘንድሮው ብርድ ደግሞ የሚወዱትን ወንድ ጥንቸላቸውን ገደለባቸው። ቪየና ለሚባሉት ጥቁር ዘር ጥንቸሎቻቸው የሚመጥን ወንድ በአካባቢው አንድ ብቻ ነበር፤ የሎታር።

ሎታርን በመልክ ታውቀዋለች። ከሞተው አጎቱ በወረሰው ቤት ብቻውን የሚኖር ከሰል ቆፋሪ ነው። በሩን ሲከፍትላት እጅጌውን ሰብስቦ፣ ፀጉሩ ላይ ድርቆሽ ተሰክቶበት ነበር። የዓይኖቹ ዙሪያ በማይለቅ የከሰል ብናኝ ጠቁሮ ኩል የተኳለ ይመስላል።

«የአቶ አሎይስ ልጅ ነሽ?»

«ነኝ። እቺ ደግሞ የአቶ አሎይስ ጥንቸል ናት።»

«ከሁለታችሁ የምትናከሰው ማናት?»

«እስካሁን እሷ ናት።»

ሳቀ። ጥንቸሏን ከቅርጫቱ ሲያወጣ በጆሮዋ አላነሳትም፤ አንድ እጁን ከሆዷ ሥር ሰዶ እንደ ሕፃን ታቀፋት። ከዚያ ጀርባዋን እፍ አለባት። ጥቁሩ ፀጉር እንደ አበባ ተከፈተና ከሥሩ፣ ወደ ቆዳዋ ጠጋ ያለው ደብዛዛ ሰማያዊ ጥላ ታየ።

«ይሄ ምንድን ነው? ጥቁር አይደለችም እንዴ?» አለች ሄድቪግ ደንግጣ።

«ጥቁር ናት። ጥቁር ጥንቸል ሁሉ ታቹ እንዲህ ነው። አባትሽ አላሳዩሽም?»

«አባዬ ለኔ የሚያሳየኝ ፋንድያውን ነው።»

ሴቷን ወንዱ ቤት አስገባት። ሄድቪግ ፊቷን ወደ ጎመኑ መደብ አዞረች። ብዙም ሳትቆይ ሎታር ጉሮሮውን ጠረገ።

«አለቀ» አላት።

«አለቀ?»

«አለቀ።»

«እኔ እኮ ጊዜ የሚፈጅ መስሎኝ ሹራብ ሥራዬን ይዤ መጥቻለሁ!»

ሎታር ግድግዳውን ተደግፎ እስኪያነባ ሳቀ። እሷም መጀመሪያ ተናደደች፣ ቀጥሎ ሳቋን መያዝ አቃታት። «እንግዲያው ቁጭ ብለሽ ሥሪው» አላት ዓይኑን እየጠረገ። «እንዲህ ቶሎ ከተመለስሽ አባትሽ አያምኑሽም።» ሄድቪግ ተቀመጠች። ያን ቀን የሠራችውን ሹራብ ማታ ስታየው ከላይ እስከ ታች ተሳስቷል።

ከወር በኋላ ጥንቸሏ ወለደች፤ ሁሉም ከሰል የመሰሉ ጥቁር። አሎይስ በደስታ ሳላቸውን ረሱ። ሄድቪግ ግን ምክንያት እየፈለገች ወደ አቀበቱ መውጣቷን አላቆመችም። አንዴ ድርቆሽ ልትዋስ፣ አንዴ ድርቆሽ ልትመልስ። በኋላ ላይ ምክንያቱም ቀረ፤ ሰፈሩም መሳቁን ትቶ ጥሎሽዋን ማውራት ጀመረ።

ሎታር ስለ ቀለም ማውራት ሲጀምር አያቆምም። ከጥቁሩ ሌላ አንድ ሰማያዊ ወንድ ነበረው። ሰማያዊ ይሉታል እንጂ መልኩ ሊዘንብ የተቃረበ ደመና ነው። ከጥንቸሎቹ ሳጥኖች ኋላ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው፣ እጇን በእጁ እንደያዘ፣ እንዲህ አላት።

«ሰማያዊ ዓይን አፋር ነው። ከአባትም ከእናትም ካልተሰጠ ብቅ አይልም። ከአንዱ ብቻ ከመጣ ጥቁሩ ይሸፍነዋል። ልጁ ጥቁር፣ የልጅ ልጁ ጥቁር። ውስጥ ለውስጥ ግን ይሄዳል። አንድ ቀን ሁለት ተሸካሚዎች ሲገናኙ፣ ያኔ ይወጣል።»

«ያንተ ጥቁር ይሸከማል?»

«አዎ። አጎቴ አንድ ጊዜ ከሰማያዊ ጋር አዳቅሎ ነበር። ደብቄም አላውቅ፣ ለአባትሽም ነግሬያቸዋለሁ።»

«የኛዎቹ ግን ንጹሕ ናቸው» አለች ሄድቪግ በኩራት።

ይህን ኩራት ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጠጥታ ያደገችው ነው። ከጦርነቱ በኋላ በመጣው የረሃብ ብርድ፣ ሰው ሁሉ ያለውን አርዶ ሲበላ፣ አሎይስ ግን አንድ ጥንድ ጥቁር ጥንቸል ጓዳ ደብቀው፣ የራሳቸውን የድንች ልጣጭ እየሰጡ፣ ከአባታቸው የወረሱትን ዘር አተረፉ ይባላል። የጥንቸል አርቢዎች ማኅበር ሊቀመንበር ኤርቪን አዲስ አባል በመጣ ቁጥር ይህንን ሳይተርክ አይውልም። በሰፈሩ ካሉት ጥቁር ጥንቸሎች ግማሹ ከዚያ ጥንድ የወረዱ ናቸው። አሎይስ ሳንባቸው ሄዷል፣ ሥራቸው ሄዷል፣ ሚስታቸው ሞታለች፤ የቀራቸው ያ ስም ብቻ ነበር።

በበጋው የከሰል ጉድጓዱ ሊዘጋ ነው የሚለው ወሬ እርግጥ ሆነ። ሎታር ደቡብ ካለ አንድ የመኪና ፋብሪካ ሥራ አገኘና እሑድ ጫማውን አሳምሮ ሽማግሌው ፊት ቀረበ።

«ልጄን ልትወስድብኝ ነው?» አሉ አሎይስ።

«እርስዎም አብረውን ይመጣሉ።»

«ጥንቸሎቼስ?»

«እሱን ገና አላሰብኩበትም።»

«ቢያንስ አትዋሽም» አሉና ብርጭቆ እንድታወጣ ለሄድቪግ ምልክት ሰጧት። ሠርጉ ለጥቅምት ተቆረጠ። ሄድቪግ ያን ማታ አልጋዋ ላይ ሆና በደስታ አለቀሰች።

በነሐሴ አሎይስ ያቺኑ ሴት ጥንቸል ለዚያው ወንድ እንደገና ላኩ። ቅርጫቱን ያወጣችው ሄድቪግ፣ ክዳኑን የከፈተችው ሄድቪግ፣ ጥንቸሏ ጥቁሩ ወንድ ዘንድ ስትገባ ቆማ ያየችውም ሄድቪግ ናት። አሁንማ ፊቷን ወደ ጎመኑ አታዞርም።

ጥንቸሏ ከወለደች በኋላ ባለው ሳምንት አሎይስ እጃቸውን በድርቆሽ አሽተው፣ እናትየዋ ከሆዷ ነጭታ ያለበሰችውን ፀጉር ቀስ ብለው ገለጡ። ከዚያ እጃቸው እዚያው ቀረ። ከጥቁሮቹ መሃል ሁለቱ ሌላ ናቸው። ቆዳቸው ላይ የበቀለው ስስ ፀጉር ጥቁር አልነበረም፤ የዝናብ ደመና ነው።

አሎይስ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጡ።

«የቱን ነው ያስገባባት?» አሉ።

«ጥቁሩን ነው አባዬ። እኔው ነበርኩ።»

«አልነበርሽም።»

«አባዬ፣ እዚያው ቆሜ ነበር!»

«በመጋቢት ሁሉም ጥቁር ነበሩ። እሷ ያችው ናት። አባትየው ያው ከሆነ ሰማያዊው ከየት መጣ?» ትንፋሻቸው ያፏጭ ጀመር። «ሰማያዊውን ነው ያስገባው። አንቺ እሱን እሱን ስታዪ ጥንቸሉን አላየሽም። የአባቴን ዘር አበላሸብኝ፣ ሰማሽ? አበላሸብኝ!»

ከዚያ በኋላ ለመናገር ትንፋሽ አልነበራቸውም። ለኤርቪን ግን በማግስቱ ተናገሩ። ዘር መቀላቀል በማኅበሩ ከስርቆት አይተናነስም። ጉዳዩ ለእሑድ ስብሰባ ተቀጠረ።

ሄድቪግ አቀበቱን ሮጣ ወጣች። ሎታር ሰምቶ ነበር። ሳጥን እየጠገነ አገኘችው፤ መዶሻውን አስቀምጦ አጠገቡ አስቀመጣት።

«የነገርኩሽ ትዝ ይልሻል? ከአንድ ወገን ብቻ አይወጣም» አላት። «ጥቁሩንም ላስገባ ሰማያዊውን፣ የአባትሽ ጥንቸል ባትሸከም ኖሮ ሁሉም ጥቁር ይወለዱ ነበር። መጋቢት ላይ ዕድል ሆኖ አልወጣም። ግማሹ የመጣው ከሷ ነው።»

ሄድቪግ ለመረዳት ብዙ ጊዜ አልፈጀባትም፤ ምነው በፈጀብኝ ብላ ግን ተመኘች።

«እንግዲያው ያ ጓዳ የተደበቀው ጥንድ…»

«ስለ ጓዳው አላውቅም። እኔ የማወራው ስለ ጥንቸሏ ነው።»

«ይህን ስብሰባው ላይ ከተናገርክ አባዬን ትገድለዋለህ።»

 ሎታር ጉንጯ ላይ የወረደውን እንባ በአውራ ጣቱ ጠረገው።

«አልናገርም» አላት። «እሳቸው የሚኖሩበት ሌላ ነገር የላቸውም። ስለ ዘራቸው አንድ ቃል አይወጣኝም። ግን ኤርቪን አንቺን ይጠይቅሻል፤ የቱ ወንድ ነበር ይልሻል። ያየሽውን ብቻ ተናገሪ። እነሱ የፈለጉትን ያስቡ። እኔ አንቺ ካልሽ ይበቃኛል።»

«እናገራለሁ» አለችው። ስትናገረውም ከልቧ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበሩ የሚሰበሰብበት የመሸታ ቤት የኋላ ክፍል ሞላ። እዚያ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ከአሎይስ ዘር የመጣ ጥንቸል በጓሮው አለ፤ የአሎይስ ዘር ንጹሕ ካልሆነ የማንም ንጹሕ አይደለም። ስለዚህ ማንም ማወቅ የፈለገ አልነበረም። ሎታር ሲጠየቅ «ጥቁሩን ነው ያስገባሁት» ብሎ ተቀመጠ፤ ሌላ አልጨመረም።

«ሄዲ፣» አለ ኤርቪን፣ «ቅርጫቱን የወሰድሽው አንቺ ነሽ። የቱ ወንድ ነበር?»

ሄድቪግ ቆመች። አባቷ ከፊት ለፊቷ ናቸው፤ መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተዋል፣ የትንፋሻቸው ፉጨት ክፍሉን ሞልቶታል። ዓይናቸው ተቆጥቶ ቢሆን ኖሮ ትችለው ነበር። ግን ይለምን ነበር። በሕይወቷ አባቷ ማንንም ሲለምኑ አይታ አታውቅም።

«አላየሁም» አለች። «ውጪ ነበርኩ።»

ሎታር ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ውስጥ ቁጣ ፈለገች፣ አላገኘችም፤ ያገኘችው ስሙ ሲጠራ ሰምቶ ዞር ሲል ማንንም ያጣ ሰው መልክ ነው። የማኅበሩን ምልክት ከኮቱ ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ወጣ።

ማታ በራቸው ላይ ቆሞ አገኘችው።

«ሠርጉን እዚህ አልጠብቅም። በሚመጣው እሑድ በጠዋቱ ባቡር እሄዳለሁ» አላት። «ነይ። ከመጣሽ የዛሬውን አንድ ቀንም አላነሳብሽም።»

ሻንጣዋን አዘጋጀች። እሑድ ጎህ ሲቀድ ግን አሎይስ ሳላቸው ተነሳባቸው፤ ከንፈራቸው ጠቆረ፣ አልጋው ላይ ደግፋ ይዛቸው ቁጭ አለች። ባቡሩ ሲያፏጭ ከመስኮቱ ሰማችው። ሽማግሌውም ሰምተውታል። 

ያ ብርድ ረጅም ነበር። አሎይስ ሰማያዊዎቹን ሊያርዷቸው አንስተው መልሰው አስቀመጧቸው። አደጉ፤ ከጓሮው ሁሉ የሚያምሩትም እነሱ ሆኑ። ሄድቪግ ትመግባቸዋለች፣ ታጥባለች፣ ታበስላለች፣ ከአባቷ ጋር ግን አታወራም። አንድ ከሰዓት ድንች እየላጠች ሳለ አሎይስ ከወንበራቸው ላይ ሆነው፣ «አረድኳቸው» አሉ።

«እነማንን?»

«ጓዳ የነበሩትን። ያኔ። ሁለቱንም። አንቺ ትንሽ ነበርሽ፣ ትኩሳት ይዞሽ ልትሞቺብን ነበር። ሐኪሙ ሥጋ ስጧት አለ። መጀመሪያ ወንዱን አረድኩ። ከዚያ ሴቷን። መረቁን እናትሽ በማንኪያ እያጠጣችሽ ዳንሽ።» ትንፋሽ እስኪያገኙ ጠበቁ። «በኋላ ከሌላ ከተማ አንዲት ጥቁር ሴት ጥንቸል አገኘሁ። እናቷ ሰማያዊ ነበረች። አውቅ ነበር። ኤርቪን ሲያያት፣ ‹አሎይስ፣ አተረፍካቸው እንዴ?› አለኝ። አዎ አልኩት። እንዲያው አፌ ላይ መጣልኝ። ሃያ ዓመት ጥቁር ብቻ ሲወለድ እኔም አመንኩት።»

ሄድቪግ ቢላዋውን አስቀመጠች። መጮህ ፈልጋ ነበር። ጉልበቱ አልነበራትም።

«እኔን ለማዳን ያረድከውን ነው የደበቅከው? ምን ነውር አለው አባዬ?»

«የለውም» አሉ። «ዛሬ ሳስበው ምንም የለውም።»

በሚቀጥለው ስብሰባ፣ በእሷና በከዘራቸው ተደግፈው፣ ማኅበሩ ፊት ቆሙና ሁሉንም ተናገሩ።  ሲጨርሱ ኤርቪን የሲጋራውን አመድ እያራገፈ፣ «ሁላችንም በልተናል፣ አሎይስ» አለ። «ያን ብርድ ማን ጥንቸል አትርፎ ያውቃል? ጠርጥረን ነበር እኮ። ደስ ይልህ ስለነበር ነው ዝም ያልነው። በል ተቀመጥ፣ ትንፋሽህ ያልቃል።»

በቃ፣ ይኸው ነበር። ማንም አልሳቀ፣ ማንም አልተቆጣ። አንዱ ለሽማግሌው ቢራ ገዛላቸው። ሄድቪግ ይህን ያህል ቀላል ነገር መሆኑን ስታይ እንደዚያ ቀን ልቧ የተሰበረበት ጊዜ የለም።

በማግስቱ ወደ ደቡብ ተሳፈረች። የሥራ ፈረቃ ሲቀየር ፋብሪካው በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ፣ ሎታር በአጠገቧ ሊያልፍ ነበር፤ እሷም ልትለየው አልቻለችም ነበር። የዓይኖቹ ኩል ለቅቋል። ንጹሕ ፊት ያለው፣ ደከም ያለ ወጣት ሰው ሆኗል።

«ሄዲ!» ብሎ ሁለት እጇን ያዘ። ተደስቶ ነበር፣ ይህን ማንም ሊያጠፋባት አይችልም።

«አባዬ ተናገረ» አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ማኅበሩ ፊት። ሁሉም አወቀ። ስምህ ጸዳ፣ ሎታር። ምንም የሚያግደን የለም።»

«ደግ አደረጉ። ከብዷቸው ይሆናል።» እጇን አልለቀቀም። «ባይናገሩ ኖሮ ትመጪ ነበር?»

አዎ ማለት ፈለገች። አንድ ጊዜ ውሸት ቀልሏት ነበር፤ ለዚህ ሰው ግን ሁለተኛ መዋሸት አልቻለችም።

«አላውቅም» አለች።

«እኔ ያን እሑድ አውቅ ነበር። ትመጣለች ብዬ ነበር። የጠዋቱን ባቡር አሳለፍኩት፤ አባቷ አሟቸው ይሆናል አልኩ። የቀኑንም አሳለፍኩ። በማታው ሄድኩ። ከዚያ ደግሞ ስንት እሑድ እዚህ ጣቢያ ወጥቼ ቆምኩ። ቂም የለኝም። መቆጣት ሞክሬ አቃተኝ። አሁንም እወድሻለሁ መሰለኝ። ግን ሰው በተሰበሰበበት ‹ይሄን ሰው ታውቂዋለሽ?› ቢሉሽ ምን እንደምትመልሺ ሳላውቅ አብሬሽ መተኛት አልችልም፣ ሄዲ። ይህን ፍራቻ ይዤ መኖር አልፈልግም።»

ትኩስ ሾርባ ጋበዛት።  ጣቢያው ድረስ ሸኛትና ባቡሩ እስኪንቀሳቀስ በመስኮቱ እጇን እንደያዘ ቆመ።

አሎይስ የእሑድ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ወንበራቸውን ወደ በሩ አዙረው ይጠብቋት ነበር።

«ይቅር አለኝ?»

«ብሎሃል፣ አባዬ።»

«ሠርጉስ?»

የአባቷን ፊት አየችው። ከዚያ ወዲያ ብዙ ዕድሜ እንደሌላቸው ማንም ያውቃል።

«በፋሲካ» አለች።

አሎይስ እንዲህ ተደስተው አያውቁም። የመጣ የሄደውን ሁሉ ለሠርጉ ጠሩ፣ ሰማያዊዎቹን ለሙሽሮቹ ስጦታ አሰቡ። ሄድቪግ እንኳን ደስ ያለሽ ሲሏት «አሜን» እያለች ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች። ፋሲካ ሳይደርስ፣ ጧት ቁርስ ይዛላቸው ስትገባ አባቷን በወንበራቸው ላይ አርፈው አገኘቻቸው።

ለሎታር ቴሌግራም የላከው ኤርቪን ነው፤ ለሟቹ አማች መንገር ደንብ ነውና እሷን አልጠየቃትም። ሄድቪግ የመቃብር ቦታው በር ላይ ሎታርን ጥቁር ካፖርት ለብሶ አየችው። ሰዎች እየገፉ ከጎኗ አቆሙት፣ እጁን እየጨበጡ አጽናኑት።

«ምን ብለሻቸው ነው?» አላት በሹክሹክታ።

«በፋሲካ እንጋባለን ብዬ። ለአባዬ ብዬ ነው።»

ሎታር ትንሽ አሰበ። «እሺ» አለና ክንዱን ሰጣት። ተደግፋው አባቷን ቀበረች።

ከቀብር በኋላ ያ የመሸታ ቤት የኋላ ክፍል በኬክና በሰው ተሞላ። ኤርቪን ብርጭቆውን አንስቶ ስለ አሎይስ ጥሩ ጥሩውን ከተናገረ በኋላ ወደ ሎታር ዞረ። «ማኅበሩ በድሎሃል፣ ይቅር በለን። አሎይስ ልጁን ለማን እንደሚሰጥ ያውቅ ነበር። ለሠርጉ ሁላችንም እንገኛለን!» ብርጭቆዎች ተነሱ። ሎታር አቀርቅሮ ዝም አለ። ይህንንም ለእሷ ሲል ሊሸከመው ነው። ሄድቪግ ይህን ስታይ ከወንበሯ ተነሳች።

«ሠርግ የለም» አለች።

ብርጭቆዎቹ አየር ላይ ቀሩ።

«አባዬ በሰላም እንዲሄድ ዋሽቼው ነው። ሎታር እጮኛዬ አይደለም። ነበር፤ እዚህ ክፍል ውስጥ አጣሁት። ኤርቪን፣ አንተ የቱ ወንድ ነበር ብለህ ጠየቅኸኝ። አላየሁም አልኩህ። አይቻለሁ። ክዳኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጥቁሩ ነበር።» እንባዋ እየወረደ ነበር፤ አልጠረገችውም። «የሚወደኝን ሰው አላየሁህም አልኩት። እጁን በኔ ስም አትጨብጡት።»

 ሎታር ካፖርቱን አነሳ፣ የሷንም አንስቶ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላትና አብረው ወጡ።

ወደ ባቡር ጣቢያው የሚወስደው ትራም ማቆሚያ ጎን ለጎን ሄዱ።

«ዘገየሁ» አለች።

«ዘገየሽ» አለ። ድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም።

«ሰማያዊዎቹን ውሰዳቸው። አባዬ ለኛ ነበር ያሰባቸው።»

«የምኖርበት ሕንፃ ጥንቸል አይፈቅድም» አላት፤ ሊስቅ ሞክሮ ፊቱ እምቢ አለው።

ትራሙ ከኩርባው ብቅ አለ። ሎታር ግንባሯን ሳማት። በሩ ሲከፈት ወዲያው አልተንቀሳቀሰም፤ ሄድቪግም እንደዚያን ቀን ባቡሮች ይህንንም ያሳልፈው ይሆን ብላ ትንፋሿን ያዘች።

ተሳፈረ።

ትራሙ እስኪሰወር ቆማ ቆየችና፣ ጥንቸሎቹ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልበሉም ነበርና ወደ ቤቷ ሄደች።